የአያ ዘለቀ ኩባያ

ሥራ ማቆሜን የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "እማማ የሺ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ፒያሳ ሲመላለሱ ምን ሲሠሩ ኖሩ?" እኔም "ዝንብ" እላለሁ። ጎረቤታችን አባ ገብረ ማርያም ይህን ሰምተው፣ "ዝንብማ እግዜር ጨርሷት የለም ወይ? ምን ጎድሏት አገኘሽና ነው አንቺ የጨመርሽላት?" ብለው ሳቁብኝ። "አባ፣ የእግዜሯ ወጥ ላይ ነው የምታርፍ፤ የእኔዋ ውሃ ላይ ነው የምታርፍ" አልኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ማዶ ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል አሳ አለ። ውሃው ላይ የምትወርደውን ትንሽ ዝንብ ብቅ እያለ ይለቅማል። የዚያ አገር ሰው ደግሞ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥሞ ዝንብ ያስመስልና፣ በረጅም ቀጭን ዘንግ ወርውሮ አሳውን ያታልለዋል። ለሆዱ አይደለም፣ ለመዝናናት ነው። ብዙዎቹ ይይዙታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ይለቁታል። እኔ ጎንደር ላይ ተቀምጬ እነዚያን ዝንቦች ስቋጥር ግማሽ ዕድሜዬ አለቀ። ትራውትን ግን እስከ ዛሬ በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ ተማሪ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር አትቀመጥም፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ጥጥ እየፈተልሁ፣ ክሩን ሰም እያጠጣሁ ጧፍ አወጣለሁ። እጄ ሰም ላይ፣ ጆሮዬ ፊደል ላይ። ይህንንም የምጽፈው በዚያ በተሰረቀ ፊደል ነውና ቢዛነፍ አትፍረዱብኝ።

ወደ ሥራው ያስገባችኝም ያችው ጧፍ ናት። ባሌ ሞቶ፣ ሁለት ልጆች ይዤ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ስሸጥ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጡና አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ፋቁት። ሰሙን ፋቅ አድርገው ክሩን አወጡና በሁለት እጃቸው ወጠሩት።

"ይህን ክር የፈተለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አያ። ምነው፣ ተበጠሰ?"

"አልተበጠሰም። ሸጋ ነው። ሰሙም እኩል ነው የጠጣው። ነገ ፒያሳ ነይ።"

እኒህ አያ ዘለቀ ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም ቦርሳ ተሸካሚ ነበሩ። ሐኪሙ እሑድ እሑድ መገጭ ወንዝ እየወረደ በዝንብ አሳ ያጠምድ ነበርና፣ አያ ዘለቀ ዘንጉን ሲይዙለት መወርወሩንም መቋጠሩንም ተማሩ። ባሌ ተራራ ድረስ ተከትለውት ሄደው፣ እዚያ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ፈረንጆች ያረቡትን ትራውት በዓይናቸው አይተዋል። ከሁላችን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ምን ይመስላል አያ?" ስንላቸው፣ "ጎኑ ላይ ነቁጥ ነቁጥ አለበት። ደግሞ ኩሩ ነው፤ ያልተዋበች ዝንብ አይበላም" ይሉናል።

የሥራ ቤታችን ከልብስ ሰፊዎች በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ ብርሃኔ የፈረንጅ አፍ ታውቃለች፤ ከባሕር ማዶው ደንበኛችን ጋር የምትጻጻፈው እሷ ናት። ስምንት ሴቶች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ክፍያው በደርዘን ነበር፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል፤ ከዚህ በላይ ስለ ብሩ የምለው የለኝም።

አቋጣጠሩ እንዲህ ነው። መንጠቆው ከጤፍ ጥቂት የሚተልቅ የሚመስለኝ ቀን ነበር፤ እሱን ነክሶ በሚይዝ ትንሽ የብረት ሞርሳ ውስጥ ታጠብቂዋለሽ። ሰም የጠጣውን ክር ከአፉ ጀምረሽ ወደ ጅራቱ ትጠመጥሚያለሽ። ሰሙ ነው ክሩን ብረቱ ላይ የሚያስቀምጠው፤ ያልጠጣ ክር ይንሸራተታል። ከዚያ ሦስት አራት የላባ ፀጉር ለጭራ፣ ጥቂት የበግ ጠጉር ለገላ። ወርቃማ ክር ካስፈለገ ከታች የካህናት ካባ ከሚሰፉት ቁራጭ እንለምናለን። መጨረሻ ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይመጣል። እሱን በቁሙ ታዞሪዋለሽ፤ ፀጉሩ ዙሪያውን እንደ ጨረር ይቆማል። ዝንቧ ውሃ ላይ የምትቆመው በዚያ ፀጉር ነው፤ እግሯ እሱ ነው።

አያ ዘለቀ የሚቀመጡት መስኮቱ ሥር ነው። ሥራቸው መፈተን ነበር። ጎበዝ አይሉም፣ ሰነፍ አይሉም። ያልጣማቸውን ዝንብ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጥሉና ዝም ይላሉ፤ ማታ ባርኔጣውን አንስተሽ ቆጥረሽ ታፍሪያለሽ። ከየደርዘኑ አንዷን መርጠው በሰማያዊ ቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ላይ ይጥሉና አባታችን ሆይ ይደግማሉ። አሜን እስኪሉ ከተንሳፈፈች ደርዘኑ አለፈ። ከሰጠመች ደርዘኑ ሁሉ ይፈታል። ቸኩለው ሲደግሙ ሰምቼ አላውቅም። አንዳንዴ እንዲያውም እኛን ለማስጨነቅ ያስረዝሙ ነበር መሰለኝ።

እኔ ከመቋጠሩ ሌላ ላባ ፍለጋ እዞር ነበር። እግሬ መቀመጥ አይወድም። ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ፣ ሌላ ጊዜ ዳባት፣ አንድ ጊዜም ቆላ ዛሪማ ድረስ ወርጃለሁ፤ ያኔ እንኳ ላባ ሳይሆን ሙቀት ይዤ ነው የተመለስሁ። የምፈልገው ገብስማ አውራ ዶሮ ነው፤ ነጩና ጥቁሩ እንደ ገብስ የተዘራበት። አያ ዘለቀ ያዘዙኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ላባ ከሕያው ይነቀል።" ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ባለዶሮዋን ጥቂት ሳንቲም ሰጥቼ ከአንገቱ አምስት ስድስት እነቅላለሁ፤ ዶሮው ይጮሃል፣ ገበያው ይሰበሰባል።

"ዶሮውን ትተሽ ላባውን? ለየትኛው ጠንቋይ ነው የምትሰበስቢ?" አለችኝ አንዷ የአምባ ጊዮርጊስ ሴት።

"ለአሳ ነው እህቴ።"

"እናንተ! አሳ ላባ ሊያለብሱ ነው!" ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሦስት ገብስማ ይዛ ጠበቀችኝ።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ትልቅ ትእዛዝ መጣ። በጾም ዶሮ ገበያ አይወጣም፤ ማን ይገዛዋል? ላባችን አለቀ። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ራሴን አደነቅሁ። ፋሲካ ሲሆን ጎንደር ሁሉ ዶሮ ያርዳል፤ ላባው የትም ነው የሚጣል። የትንሣኤ ለት ጠዋት ማዳበሪያ ይዤ ከቤት ወደ ቤት ዞርሁ። "እንኳን አደረሳችሁ፤ የዶሮ ላባ አላችሁ?" ያላለቀሰልኝ ሰው የለም፤ ድህነት ያሳበደኝ መስሏቸው እንቁላል የሰጡኝም ነበሩ። ማዳበሪያ ሙሉ ገብስማና ቀይ ላባ ሰብስቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ እየዘፈንሁ ገባሁ።

የኛ ሰው ዶሮ ሲያርድ ላባው እንዲለቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ይህን የማያውቅ የጎንደር ሴት የለችም፤ እኔም ስንቱን ዶሮ ነክሬአለሁ። ግን ያ ውሃና የእኔ ላባ የሚገናኙ አልመሰለኝም።

በዚያው ሳምንት አያ ዘለቀ ለእህታቸው ተዝካር አምባ ጊዮርጊስ ሄዱ። ኩባያውን እጄ ላይ አኖሩና፣ "እስክመጣ አንቺ ፈትኚ" አሉኝ። ስንቋጥር ላባው ጣቴ ላይ አልነጠር አለኝ። ለሽ ያለ ነገር። ብቻ መቋጠሬን ቀጠልሁ። ሥራው ባለቀ ለት አንዷን ኩባያው ላይ ጣልሁና መድገም ጀመርሁ። እኩሌታው ላይ ሳልደርስ ሰጠመች። ሁለተኛዋን ጣልሁ። እሷ አዘንብላ፣ አንድ ጎኗ ጠልቆ፣ እኔም እያፈጠንሁ ስደግምላት አሜን ላይ ደረሰች።

"የሺ! ዕቃውን የሚወስደው ባጃጅ ቆሟል! አለፈ ወይስ አላለፈም?" አለች ወይዘሮ ብርሃኔ ከደረጃው።

"አለፈ" አልሁ።

በጥቅምት ደንበኛችን ራሱ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ፈረንጅ ነው፤ እኛ ሙሴ ብቻ እንለዋለን። ከፋሲካ በኋላ የላክንለትን የዝንብ ሳጥን ይዞ ነበር። ሁላችንንም ወደ መገጭ ይዞን ወረደና፣ ከእኛ ዝንብ አንዷን ክሩ ጫፍ ላይ አስሮ ወረወረ። ተንሳፈፈች። ደግሞ ወረወረ። በሦስተኛው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ ታች ወረደች። ሌላ አሰረ፤ እሷም። ሙሴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዝንቦቹን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ወይዘሮ ብርሃኔ ፊቷ ጠቁሮ ተረጎመችው።

"እነዚህን የፈተነው ማን ነው ይላል።"

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡ፤ የቤት ኪራዩ መጣ። እኔ ይህን ሳሰላ አያ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል" አሉ።

ሙሴ ዝንቦቹን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ከዚያ ሌላ ፈታኝ ካልተተካ ሥራውን ከእናንተ ጋር አልቀጥልም አለ። የስምንት ሴት እንጀራ ነው። አያ ዘለቀ በማግስቱ ኩባያቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው አገራቸው ገቡ። መስኮት ሥር ያለው ወንበር ማን ይቀመጥበት ሲባል፣ ሁሉም "የሺ" አሉ። ተቀመጥሁበት።

ወር ሙሉ ተቀመጥሁበት። ወንበሩ ሸጋ ነበር፤ ፀሐዩም ይመታኛል። ግን በኩባያው ፊት አባታችን ሆይ ስል በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ሴቶቹ ጉንፋን ያዘሽ ይሉኛል። ብናገር ወንበሩ ሄደ፣ ምናልባትም ሥራው ሄደ። ዝም ብል እኒያ ሽማግሌ በእኔ ጥፋት ዓይነ ስውር ተብለው ሊሞቱ ነው።

በኅዳር አውቶቡስ ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። አያ ዘለቀ ገብስ እያሳጨዱ አገኘኋቸው። ገና ሳልቀመጥ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ ፋሲካውን፣ ማዳበሪያውን፣ የሰጠመችውን አንዷን።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ አንቱ?"

"የተቀቀለ ላባ ይሸታል የሺ። ሳጥኑ ሲከፈት ነው ያወቅሁት። ላባ የራሱ ቅባት አለው፤ የፈላ ውሃ ያወጣበታል። ከዚያ ወዲያ ጥጥ ነው፤ ውሃ ይጠጣል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ከሕያው ይነቀል ስልሽ፣ ይህን ነግሬሽ ነበር?"

"አልነገሩኝም።"

"እንግዲያ ግማሹ የእኔ ነው። አስተማሪዬም አልነገረኝም፤ እኔም አልነገርሁ። እጅ እያየ ይማር ብዬ።"

"ግማሹስ?"

አንድ የገብስ ዛላ አንስተው መዳፋቸው ላይ አሹ። "ግማሹ ያንቺ ነው። እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ። ቢሆንም ልጆች አሉሽ፤ ወንበሩን ይዘሽ ዝም ብትዪ አልቀየምሽም።"

ይህን ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁሉም እስኪገቡ ጠብቄ ቆሜ ተናገርሁ። ከዚያ ዘውዴ፣ ምላሷ ስለት የሆነች ጓደኛችን፣ "ወር ሙሉ መስኮት ሥር ፀሐይ ስትሞቂ ቆየሽና ዛሬ በረደሽ?" አለችኝ። ወይዘሮ ብርሃኔ አላመነታችም፤ "ተነሺ ከወንበሩ" አለች። በር አጠገብ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሥፍራዬ ላይ፣ ክር ሰም ወደማጠጣቱ መለሰችኝ። ግን አላባረረችኝም። ለሙሴም እውነቱን ጻፈችለት። ስንት ሳምንት ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። መልሱ አጭር ነበር፤ ሽማግሌው ከተመለሱ ትንሽ ትእዛዝ እልካለሁ፣ አይቼ እወስናለሁ።

አያ ዘለቀ ሲመለሱ የቀርከሃ ዘንግ ተሸክመው ነበር። ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት፣ "አንድ ነገር አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዝንብ የምትቋጥር ሴት ሁሉ አሳ ታጠምዳለች" አሉ።

"እኛ? ሴቶቹ?" አለች ዘውዴ። "ከተማው ምን ይለናል?"

"ያለውን ይበል። ውሃ ላይ ያላየሽውን ነገር እንዴት አድርገሽ ትሠሪያለሽ? የእኔ ጥፋት ይኼ ነው።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መገጭ ወረድን። መጀመሪያ ዘንግ አልሰጡንም። ድንጋይ አስገለበጡን። ከሥሩ የሚርመሰመሰውን ትል፣ ክንፍ አውጥቶ ከውሃው የሚነሣውን አሳዩን፤ "የምትሠሪው ይህን ነው" አሉን። ከዚያ መወርወር። ዘንጉን ወደ ኋላ ታነሺዋለሽ፣ ክሩ ከኋላሽ እስኪዘረጋ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ሴቶቹ ቸኩለው ክሩን ሻሻቸው ላይ ጠመጠሙት። እኔ ገባኝ፤ ከእንዝርት ጋር አንድ ነው። ጥጡን ሳብ፣ ቆይ፣ ልቀቅ። ያቺ ቆይ የምትባለዋ ናት ሁሉን ነገር የያዘች።

ከማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች "ወንዙ ምን አድርጓችሁ ነው የምትገርፉት?" እያሉ ይስቁብናል። በዚህ መሀል የዘውዴ ዝንብ ላይ ነጭ አሳ ብቅ ብሎ ዋጣት። ዘውዴ "ኧረ በማርያም! ኧረ ያዙኝ!" እያለች ቀሚሷን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች። አሳው ክንድ ያህል ነበር። አያ ዘለቀ በእርጥብ እጃቸው መንጠቆውን አውልቀው አሳውን በውሃው ውስጥ ያዝ አደረጉት፤ ትንፋሹ ሲመለስ ለቀቁት።

"ምነው ለቀቁት? ለወጥ ይሆን ነበር!"

"ዝንብሽ መልካም መሆኗን ነገረሽ። ሌላ ምን ታደርጊዋለሽ?"

ዘውዴ ወደ እኔ ዞረችና እርጥብ እጇን ፊቴ ላይ አራገፈችብኝ። ከሰኞዋ ቀን ወዲህ ስትስቅልኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሥራው ቀጠለ። አያ ዘለቀ ጥቂት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሩ፤ ምክንያቱን ሳይናገሩ ያዘዙት ነገር አልነበረም፤ አንዳንዴም በዛብን። ሲሞቱ ኩባያውን ለእኔ አሉ። ሴቶቹ ሳይስማሙ ያ ወንበር ዳግመኛ አይሰጠኝም ነበርና፣ ዘውዴ ናት ተነሥታ "ትቀመጥ። የሰጠመ ዝንብ የምታውቀው እሷ ናት" ያለች።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር የፋሲካውን ታሪክ በራሴ አፍ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ወንዝ እወስዳታለሁ። ስንቷ መምህርት፣ ስንቷ ነርስ ሥራው ሳይኖራት ለጨዋታው ብቻ ተከተለችኝ። አባ ገብረ ማርያም እንኳ አንድ ቀን ዳር ቁመው ሲያዩ ቆይተው፣ "እስቲ አንዴ ልሞክራት" ብለው ጥምጥማቸውን አስነከሷት።

ባለፈው ጥር ዓይኔ መድከሙን ደብቄ ስሠራ ነበር። መጨረሻ የቋጠርኋት አንዲት ገብስማ ናት። ፀሐይነሽ የምትባለው፣ በእጄ ያሳደግኋት ፈጣን ልጅ፣ ወስዳ ኩባያው ላይ ጣለቻት። አብረን መድገም ጀመርን። ዝንቧን አላያትም፤ የማየው ሰማያዊውን ብቻ ነው። ግን የፀሐይነሽ ድምፅ እኩሌታው ላይ ቀጠነ። አሜን አልን።

"ተንሳፍፋለች እማማ" አለችኝ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ማንም አልተናገረም። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ መገጭ ዳር ቁሜ ሰምቼዋለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትጀምሪው" አልኋት። "የት ላይ ሰጠመች?"

ፀሐይነሽ አለቀሰች። "የዕለት እንጀራው ላይ አልደረሰችም።"

"እንግዲያ ደርዘኑን ፍቱት" አልሁ። ኩባያውን ወደ እሷ ገፋሁት። ሞርሳዬን ሰጠኋት። ያቺን ዝንብ ግን መሐረቤ ውስጥ ቋጠርኋት።

እሑድ ሁላችንም ወንዝ ወረድን። ፀሐይነሽ ያቺኑ የሰጠመችውን ክሬ ላይ አሰረችልኝ። "እማማ፣ ትሰጥማለች እኮ" አለችኝ። "ትስጠም" አልሁ። ሳብ፣ ቆይ፣ ልቀቅ። የት እንደወደቀች አላየሁም። ክሩን በሁለት ጣቴ መሀል ይዤ፣ ልጅ ሆኜ በር ላይ እንደምፈትለው፣ ውሃው ወደ ታች ሲወስዳት እያዳመጥሁ ቆምሁ። ድንጋይ ነካች። ሌላ ድንጋይ። ከዚያ ክሩ ከጣቴ ላይ ተነጠቀ።

"ያዘ! እማማ፣ ከታች ያዘ!"

ሁሉም ሲጮኹ እኔ ውሃው ውስጥ ተንበርክኬ እጄን አረጠብሁ። አሳው ቀዝቃዛ ነበር፣ ወፍራም፣ የሚንፈራገጥ። መንጠቆውን በጣቴ ፈልጌ አወለቅሁለትና፣ ትንፋሹ መዳፌ ላይ እስኪመለስ ያዝሁት።

"ስንት ይሆናል ፀሐይነሽ? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ስንዝር ከጥቂት" አለችኝ።

ለቀቅሁት። በሚቀጥለው እሑድም እንወርዳለን። እኔ ከእንግዲህ የምትሰጥመዋን ነው የምፈልግ።